ሞላ ይሸከማል፣ አሞርዛተር ያረጋጋል
የአንድ አሮጌ ስቴሽን ዋገን የኋላ አሞርዛተር ቅየራና በውስጡ ያለው ፊዚክስ

ከደብረ ማርቆስ የተመለሰ አንድ ባልደረባችን መኪናውን በግቢያችን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ወደ ክፍላችን ሲገባ፣ በፊቱ ላይ የመንገድ ድካም ብቻ ሳይሆን የድንጋጤ ምልክትም ይነበብ ነበር። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ ቮልቮ 240 ስቴሽን ዋገን ነው። ባልደረባችን እናቱን፣ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ከነጓዛቸው አሳፍሮ የአባይን በረሃ ቁልቁል ሲወርድ፣ አስፋልቱ በመሬት መንሸራተት ምክንያት ተጣጥፎ እንደ ማዕበል ከተነሣበት ስፍራ ደረሰና ፍሬን ያዘ። የመኪናው የኋላ ክፍል ግን በአንድ ዝላይ አላበቃም። ደጋግሞ ተነሣ፣ ደጋግሞ ወደቀ፤ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን እየለቀቁ ሲይዙት ጮኹ፤ የመኪናው ጅራትም ወደ ገደሉ ዘመም አለ።

ደግነቱ በማንም ላይ ጉዳት አልደረሰም። ባልደረባችን ታሪኩን ሲጨርስ ግን፣ «ሞላው ደክሟል መሰለኝ። በመካከሉ ጠንካራ ጎማ ላስገባበትና ላጠንክረው አስቤአለሁ» አለን።

ይህ ጽሑፍ ከዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ተነሣ። ሐሳቡ የብዙ ባለመኪናዎች ሐሳብ ነው፤ ይሁን እንጂ ስሕተት ነው። ስሕተት መሆኑን ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርነው የሞላና የክብደት ፊዚክስ ማሳየት ይቻላል። ስለዚህ በቅድሚያ አሞርዛተር ምን እንደሚሠራ፣ ቀጥሎም እንዴት እንደሚደክም፣ በመጨረሻም እኛ ራሳችን በአንድ ቅዳሜ የባልደረባችንን መኪና የኋላ አሞርዛተሮች እንዴት እንደቀየርን ለአንባቢያን እናካፍላለን።

ሁለት ዕቃ፣ ሁለት ሥራ

ከማንኛውም መኪና ሥር ጎንበስ ብለን ብንመለከት፣ አካሉ በአክስሉ ላይ በቀጥታ እንዳልተቀመጠ እናያለን። በመካከላቸው ጥምዝ ሞላ ወይም በንጣፍ በንጣፍ የተደረደረ ባሌስትራ አለ። የቮልቮ 240 የኋላ አክስል አንድ ወጥ ሆኖ በሁለት ጥምዝ ሞላዎች ላይ አካሉን ይሸከማል። ከሞላዎቹ አጠገብ ደግሞ እንደ ብስክሌት መንፊያ ቀጠን ብለው የቆሙ ሁለት የብረት ቱቦዎች ይታያሉ፤ አሞርዛተሮቹ እነርሱ ናቸው።

ሞላ ክብደት ይሸከማል። ጎማው ጉብታ ሲወጣ ሞላው ይጨመቃል፣ የጉብታውንም ኢነርጂ በውስጡ ያጠራቅማል። ይሁን እንጂ ሞላ ያጠራቀመውን አያስቀርም፤ መልሶ ይሰጣል። በተመለሰው ኢነርጂ አካሉ ወደ ላይ ይወረወራል፣ ከሚዛኑ ነጥብ ያልፋል፣ መልሶ ይወድቃል፣ ሞላውን እንደገና ይጨምቃል። የሚያስቆመው ነገር ከሌለ ይህ ውዝዋዜ ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል። የአሞርዛተር ሥራ ክብደት መሸከም ሳይሆን፣ ሞላው ያጠራቀመውን ኢነርጂ ወደ ሙቀት ለውጦ ማስወገድ ነው። በዚህም የተነሣ ሁለቱም አሞርዛተሮች ቢወልቁ መኪናው በቆመበት ዝቅ አይልም፤ ሲንቀሳቀስ ግን እንደ ጀልባ ይወዛወዛል።

ስለ ሙቀቱ መጠን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድን ሞላ በ1 ሜትር ለመጨመቅ 24,000 ኒውተን የሚያስፈልግ ቢሆን፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ሲጨመቅ የሚያጠራቅመው ኢነርጂ 120 ጁል ይሆናል። አሞርዛተሩ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ይህን ያህል ኢነርጂ የሚያስወግድ ከሆነ በ120 ዋት ኃይል ይሞቃል ማለት ነው፤ ይህም ከአንድ ብርቱ የቀድሞ ዓይነት አምፖል ጋር የሚስተካከል ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ረጅም ጉዞ ያደረገ መኪና አሞርዛተር የሚሞቀው ለዚህ ነው። ከጉዞ በኋላ አንዱ ሞቆ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ከተገኘ፣ መጠርጠር የሚገባን ቀዝቃዛውን ነው፤ ሥራ አልሠራምና።

በቱቦው ውስጥ

በሃያኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ ፈረንሳዊው ትሩፎ የፈለሰፈውና አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሃርትፎርድ ያስፋፋው ማረጋጊያ በደረቅ ሰበቃ የሚሠራ ነበር። የተደራረቡ ሳህኖች እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ውዝዋዜውን ያደክማሉ። ጉድለቱ ግን ደረቅ ሰበቃ እንቅስቃሴው ቀርፋፋም ሆነ ፈጣን የሚሰጠው ኃይል ከሞላ ጎደል አንድ መሆኑ ነው። በትንሽ ጉብታ ላይ መኪናው እንደ ጋሪ ይጠነክራል፤ በትልቁ ጉብታ ላይ ደግሞ ሰበቃው ብቻውን አይበቃም።

ዘይት ይህን ችግር ፈታው። በዛሬው አሞርዛተር ውስጥ በዘይት የተሞላ ሲሊንደር፣ በውስጡም ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ቫልቮች ያሉት ፒስተን አለ። ፒስተኑ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በጠባቦቹ ቀዳዳዎች ውስጥ ተጨናንቆ ማለፍ ይገደዳል። ቀስ ብለን ብንገፋው በቀላሉ ይሄዳል፤ በኃይል ብንገፋው አጥብቆ ይቃወማል። ውኃ የተሞላ የሕክምና መርፌ በዝግታና በፍጥነት የገፋ ሰው ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀዋል።

በብዙ መኪኖች ላይ የሚገኘው ዓይነት ሁለት ቱቦዎች አሉት፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ነው። ዘንጉ ወደ ውስጥ ሲገባ ቦታ ይይዛል፤ ዘይት ደግሞ የማይጨመቅ ያህል ስለሆነ የተፈናቀለው ዘይት መሄጃ ያስፈልገዋል። በውጪው ቱቦ ያለው ክፍት ቦታ ይህን ዘይት ይቀበላል። ቫልቮቹም በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ አሞርዛተሩ ሲሳብ የሚያሳየው ተቃውሞ ሲጨመቅ ከሚያሳየው ይበልጣል። ጎማው ጉብታ ሲወጣ በመጠኑ እንዲፈቀድለት፣ ሞላው መልሶ ሲወረውር ግን እንዲያዝ ታስቦ ነው።

አንድ እንቅፋት ቀረ፤ እርሱም አረፋ ነው። ዘይቱ ለረጅም ጊዜ በፍጥነት ሲመላለስ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ስለሚጨመቅ ፒስተኑ ሳይቃወም ያልፋል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ክርስቲያን ቡርሲየ ደ ካርቦን በአንድ ቱቦ ውስጥ ዘይቱን በከፍተኛ ግፊት ከታመቀ ጋዝ ጋር በማስቀመጥ መፍትሔ አበጀለት። ጋዙ ዘይቱን ዘወትር ስለሚጫነው አረፋ በቀላሉ አይፈጠርም። በገበያ ላይ «ባለ ጋዝ» እየተባለ የሚጠራው አሞርዛተር የዚህ ሐሳብ ውላጅ ነው።

በቁጥር ሲታይ

አሁን ወደ ባልደረባችን ሐሳብ እንመለስ። ለስሌቱ ያህል፣ ተሳፋሪና ጓዝ በሞላበት መኪና በአንድ የኋላ ጎማ በኩል በሞላው ላይ ያረፈው መጠነ ቁስ 450 ኪሎ ግራም ነው እንበል። የሞላው ጥንካሬ ከላይ የወሰድነው፣ በሜትር 24,000 ኒውተን ይሁን። ደኅነኛ አሞርዛተር በሰከንድ 1 ሜትር ፍጥነት ሲንቀሳቀስ በ1,600 ኒውተን ይቃወማል፤ የደከመው ደግሞ የዚህን ሩብ፣ 400 ኒውተን ብቻ ይቃወማል እንበል። እነዚህ ቁጥሮች የእኛ ምሳሌ እንጂ የፋብሪካ መረጃ አይደሉም፤ መጠናቸው ግን ከእውነቱ የራቀ አይደለም።

በሞላና በመጠነ ቁስ ቀመር መሠረት ይህ መኪና በአንድ ሙሉ ውዝዋዜ 0.86 ሰከንድ ይፈጅበታል። በመጀመሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ቢነሣ፣ በደኅነኛው አሞርዛተር የሚቀጥለው ከፍታ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ከዚያ በኋላ ያለው የሚታይ አይደለም። በደከመው ግን 10፣ ቀጥሎ 6.8፣ ቀጥሎ 4.6፣ ቀጥሎ 3.2 ሴንቲ ሜትር እያለ ይሄዳል።

ከፍታው በጊዜ ሂደት ወደ አንድ ሦስተኛው ገደማ (በትክክል ወደ 37 በመቶ) ለመውረድ የሚፈጅበትን ጊዜ ለማግኘት፣ የመጠነ ቁሱን እጥፍ ለአሞርዛተሩ ተቃውሞ ማካፈል ይበቃል። በደኅነኛው 900 ለ1,600 ሲካፈል 0.56 ሰከንድ፣ በደከመው 900 ለ400 ሲካፈል 2.25 ሰከንድ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 16.7 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ደኅነኛው መኪና 9 ሜትር ያህል ሄዶ ሲረጋጋ፣ የደከመው 37 ሜትር ያህል እየተወዛወዘ ይጓዛል። በአባይ በረሃ ኩርባ ላይ 37 ሜትር ምን ያህል ርቀት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ይፈርዳል።

እዚህ ላይ አንባቢያን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንሻለን። በዚህ ስሌት ውስጥ የሞላው ጥንካሬ የለም! ባልደረባችን እንዳሰበው በሞላው መካከል ጎማ አስገብቶ ጥንካሬውን በግማሽ ቢያሳድገው፣ መኪናው ለመረጋጋት የሚፈጅበት ጊዜ በቅንጣት አይቀንስም። የሚለወጠው የውዝዋዜው ድግግሞሽ ነው፤ በሰከንድ 1.16 ጊዜ ይወዛወዝ የነበረው 1.42 ጊዜ ይወዛወዛል። ተከታታይ ከፍታዎቹም 10፣ 7.3፣ 5.4፣ 3.9 ይሆናሉ። በአጭሩ መኪናው በዚያው ጊዜ ውስጥ አብዝቶ ይዘላል ማለት ነው።

የጎማው የራሱ ውዝዋዜም አለ። አክስሉና ጎማዎቹ በሞላውና በጎማው አየር መካከል ተይዘው በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል የመወዛወዝ ዝንባሌ አላቸው። በጠጠር መንገድ ላይ 75 ሴንቲ ሜትር እየተራራቁ የተደረደሩ እጥፋቶች ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ብንነዳ፣ ጎማው በሰከንድ 13 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ይህም ከራሱ ድግግሞሽ ጋር ይገጥማል። አሞርዛተሩ ከደከመ ጎማው ከመሬት ጋር ያለው ንክኪ ይቆራረጣል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይታዘዝም።

መድከሙ በምን ይታወቃል?

በቅድሚያ በዐይን እንመርምር። በአሞርዛተሩ ቱቦ ላይ የወረደ የዘይት እርጥበትና የተጋገረ አቧራ ካለ፣ የዘይት መከላከያው ጎማ አርጅቶ ዘይቱን ለቋል። በሁለቱም ጫፎች ያሉት ጎሚኒዎች ተሰንጥቀው ወይም ተበልተው ከሆነ፣ በጉብታ ላይ ኳኳታ ይሰማል። የመኪናው ጎማ በዙሪያው እኩል ሳይበላ በየቦታው ጎድጎድ ያለ እንደሆነም፣ መሬት ላይ ሲዘል እንደኖረ ይመሰክራል።

ቀጥሎ የታወቀው የእጅ ፍተሻ አለ። የመኪናውን አንድ ማዕዘን በክብደታችን ደጋግመን ወደ ታች ተጭነን በድንገት እንለቃለን። ደኅነኛው ተነሥቶ ከሚዛኑ ጥቂት ካለፈ በኋላ ይቆማል። የባልደረባችን መኪና ከሦስት ጊዜ በላይ ተወዛወዘ። ይሁን እንጂ ይህ ፍተሻ የሚይዘው ፈጽሞ የሞተውን ነው። በእጃችን የምንሰጠው ፍጥነት ዝቅተኛ ስለሆነና የአሮጌ ጎሚኒ ሰበቃም ውዝዋዜውን ስለሚያግዝ፣ ግማሽ የደከመ አሞርዛተር ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል።

የቅዳሜው ሥራ

ሥራውን የጀመርነው በግዢ ነው። ሶማሌ ተራ ስንሄድ አሮጌዎቹን ለመለኪያ ይዘን አልነበረም፤ ገና አልተፈቱምና። በመሆኑም የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት፣ የጫፎቹን ዐይን ስፋትና የቡሎኖቹን ውፍረት በወረቀት ጽፈን ሄድን። የሴዳንና የስቴሽን ዋገን ዕቃ ሁልጊዜ አንድ ላይሆን ስለሚችል ይህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ቀርቦልን ነበር፤ ግን የአሞርዛተር ሕይወት በውስጡ ስለሆነ ከላይ የተቀባ ቀለም ምንም አይነግረንም። አዲስ ገዛን፤ የገዛነውም ሁለት ነው። በአንድ አክስል ላይ አንዱ ብርቱ ሌላው ደካማ ከሆነ፣ መኪናው በጉብታና በኩርባ ላይ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላልና።

ጋራዡን የፈቀዱልን አንድ አንጋፋ መካኒክ ነበሩ። ክሪኩን አንሥተን ወደ መኪናው ስንሮጥ፣ «ልጆች፣ ቆይ!» ብለው አስቆሙን። «የእጅ ፍሬኑን ስባችኋል አይደል? የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የትኛውን ጎማ ነው?»

«የኋላውን ነው፣ ጋሼ።»

«እናንተ ልታነሡ የተነሣችሁትስ?»

መልስ አልነበረንም። የኋላ ጎማዎች ከመሬት ሲነሡ የእጅ ፍሬኑ መኪናውን አይዝም። ከፊት ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አስቀመጥን፣ መኪናው የቆመበትም ወለል ደልዳላ መሆኑን አረጋገጥን። የጎማዎቹን ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ጥቂት አላላን፤ በአየር ላይ ያለ ጎማ አብሮ ስለሚዞር በኋላ ይቸግራል። ከዚያም አክስሉን በክሪክ አንሥተን ከሥሩ ጠንካራ የብረት መደገፊያ አቆምን። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም ሰው መግባት የለበትም።

መደገፊያው የሚቆመው ከአካሉ ሳይሆን ከአክስሉ ሥር መሆኑ ምክንያት አለው። በዚህ መኪና አክስሉ ከልክ በላይ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚይዘው አሞርዛተሩ ራሱ ነው። አካሉን አንሥተን አክስሉን አንጠልጥለን አሞርዛተሩን ብንፈታ፣ አክስሉ ወደ ታች ይወድቃል፣ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ይወጠራል፣ ሞላውም ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። አክስሉ ከተደገፈ ግን ሞላው እንደተጨመቀ ይቆያል፣ አሞርዛተሩም ያለ ጭነት ይፈታል። ለተጨማሪ ጥንቃቄ አንዱን ወገን ጨርሰን ነው ወደ ሌላው የተሻገርነው።

ቡሎኖቹ ከዓመታት ዝገት ጋር ተጋብተው ነበር። በዋዜማው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ስላጠጣናቸው የላይኛው በቀላሉ ተፈታ። የታችኛው፣ አክስሉን ከአካሉ ጋር በሚያያይዘው ክንድ ላይ የተጠመደው፣ አልንቀሳቀስ አለ። መፍቻውን ልንገጭ መዶሻ ስናነሣ፣ «ክንድ አስረዝሙ እንጂ ጉልበት አትጨምሩ» አሉን። በመፍቻው እጀታ ላይ የብረት ቱቦ አጠለቅን፣ በዝግታ ተጫንን፣ ተፈታ። በክፍል ውስጥ የምንማረው የኃይልና የክንድ ብዜት በጋራዥ ውስጥ እንዲህ ይሠራል።

አሮጌውን ከአዲሱ አጠገብ አቁመን ዘንጎቹን ገፋን። አዲሱ እኩል በሆነ ተቃውሞ በዝግታ ገባ፣ ሲሳብም አጥብቆ ተቃወመ። አሮጌው ግን ለጥቂት ሴንቲ ሜትር ያለ ምንም ተቃውሞ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ዘይቱን አገኘው። ያ ባዶ ርቀት ዘይቱ የጎደለበት ቦታ ነው። ባልደረባችን ዘንጉን ደጋግሞ ገፋ፣ ደጋግሞ ሳበ፤ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገር ቆየ።

አዲሱን ከመግጠማችን በፊት ዘንጉ ወደ ላይ እንዲሆን አቁመን፣ ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሳብነው፣ ገፋነው። ባለ ሁለት ቱቦ አሞርዛተር በመጋዘን ተጋድሞ ሲቆይ አየር ወደ ውስጠኛው ሲሊንደር ይገባል፤ ይህ ድርጊት አየሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ከገጠምን በኋላ ቡሎኖቹን በመጠኑ ብቻ አጠበቅን። የመጨረሻውን ማጥበቅ ያደረግነው ጎማዎቹን መልሰን መኪናውን በራሱ ክብደት መሬት ላይ ካሳረፍነው በኋላ ነው። ጎሚኒው በተንጠለጠለ አክስል ላይ ቢጠብቅ፣ መኪናው ሲያርፍ ዘወትር ተጠምዝዞ ይኖራል፤ ቶሎም ይሰነጠቃል። የማጥበቂያውን መጠን የመኪናው መመሪያ ይወስነዋል። ለምሳሌ መመሪያው 85 ኒውተን ሜትር ቢል፣ ግማሽ ሜትር በሆነ እጀታ ጫፍ ላይ 170 ኒውተን፣ ማለትም የ17 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ማሳረፍ ይበቃል። መኪናው ጥቂት ከተነዳ በኋላም የጎማዎቹን ዳዶዎች እንደገና መፈተሽ ተገቢ ነው።

አሮጌዎቹን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለን። አሞርዛተርን በእሳት ማሞቅ ወይም በመጋዝ መቁረጥ አደገኛ ነው፤ በውስጡ የታመቀ ጋዝና ተቀጣጣይ ዘይት ሊኖር ይችላል። ዘይቱንም መሬት ላይ ማፍሰስ አይገባም።

በመጨረሻ

ሥራው ከረፋድ እስከ ቀትር በኋላ ፈጀ። መኪናውን እንደገና በማዕዘኑ ተጫንነውና ለቀቅነው፤ ተነሣ፣ ጥቂት አለፈ፣ ቆመ። ሞላዎቹ ግን ያው የቀድሞዎቹ ናቸው፤ በመካከላቸውም ምንም ነገር አልገባም። ባልደረባችን እጁን ሊያጥብ ሲሄድ አንጋፋው መካኒክ፣ «ሞላ ይሸከማል፣ አሞርዛተር ያረጋጋል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ገንዘቡን አለቦታው ያወጣል» አሉ። እኛ በአንድ ሙሉ ገጽ ስሌት የደረስንበትን እርሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

ተማሪ አንባቢያን ይህን ለመፈተን መኪና መፍታት አያስፈልጋቸውም። ከመኪናው የኋላ መከላከያ አጠገብ ማስመሪያ አቁሙ፣ ማዕዘኑን ተጭናችሁ ስትለቁ በስልክ ካሜራ ቅረጹ፤ ከዚያም ምስሉን እያዘገያችሁ ተከታታይ ከፍታዎቹን መዝግቡ። ሁለተኛውን ከፍታ ለመጀመሪያው አካፍሉ። ውጤቱ ወደ ዜሮ ከቀረበ መልካም ነው። ከግማሽ በላይ ከሆነ ግን ለባለመኪናው ንገሩት፤ በተለይም ቤተሰቡን አሳፍሮ ቁልቁለት ሊወርድ ያሰበ ከሆነ ሳይነሣ ንገሩት።

ባልደረባችን በቀጣዩ ወር እናቱን ወደ ደብረ ማርቆስ መልሶ አደረሰ። ሲመለስ ስለ መንገዱ ጠየቅነው። «አስፋልቱ ያው እንደ ማዕበል ነው» አለን፤ «እናቴ ግን ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ተኝታ ነበር።»